ለክንዴ የተሠራች መዶሻ

ዋርሳዬ ኪሮስ በዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ የባሌ የሞላ አርባ በወጣ ማግስት፣ ቤቴን ቆለፈብኝ። ስሙን የምጠራው ሆን ብዬ ነው።

በእኛ በዋግ የባል ወንድም ዋርሳ ይባላል። ቃሉ ከመውረስ ይምጣ ከሌላ አዋቂ ይፍረደው። ኪሮስ ግን ስለ አመጣጡ ጥርጥር አልነበረውም። የአርባው ዕለት እንግዳው ገና ሳይነሳ ጓዳ ድረስ ተከትሎኝ ገባና፣ «የወንድሜ የነበረ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው፤ አንቺም ጭምር» አለኝ። ሚስትና ልጆች ነበሩት። «እኔ ዕቃ አይደለሁም» አልኩት። በማግስቱ ልጄን ይዤ ውሃ ወርጄ ስመለስ በሬ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ደጅ ከቀረው ሙቀጫና ዘነዘና በቀር ያለኝ ሁሉ ውስጥ ነበር።

ስለ ሞላ አልጽፍም። እሱ የእኔ ነው። ስለ ኪሮስም ግማሹን አልጽፍም። የምጽፈው መዶሻ ስለሠሩልኝ ስለ አባ ፈንታው ነው።

መሞታቸውን የሰማሁት ከሰቆጣ ገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ፣ «ያ ቀጥቃጩ ፈንታው ሞተ አሉ» አለቻት።

«ነፍስ ይማር» አለች ጓደኛዋ። «ዓይኑ ክፉ ነበር እንጂ ሰውዬውስ ደግ ነበር።»

ሾፌሩን «አውርደኝ» አልኩት።

«እማማ፣ ገና አልደረሱም እኮ።»

«ደርሻለሁ» ብዬ ወረድኩ። ከእነዚያ ሴቶች ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ አልፈለግሁም። ሁለቱም ተሳስተዋል። የአባ ፈንታው ዓይን ክፉ አልነበረም። ደግም አልነበሩም። ውሸታም፣ ተሳዳቢ፣ ነገር የማይረሱ ሰው ነበሩ። በዚህ በመጨረሻው እንመሳሰል ነበር።

ሥራ ቤታቸው ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር ነበር፤ አራት ግንድና የሣር ክዳን። ክረምት ከበጋ አንድ የወታደር ካፖርት ይለብሳሉ። ቁልፎቹ ሁሉ ስለረገፉ ወገባቸው ላይ በጠፍር ያስሩታል። ብረት ሲመርጡ በጥርሳቸው ይነክሱትና ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ፤ ወይ «ይሆናል» ይላሉ፣ ወይ በዋግ አገውኛ፣ በኽምጣና፣ ሰድበው ይወረውሩታል። ብረት የሚሰድቡት በኽምጣና ነበር፤ ሰው ሲሰድቡ ግን ሁሉም እንዲገባው በአማርኛ ነበር።

የአካባቢው ገበሬ ማረሻውን ለማሠራት ሲመጣ ወደ ውስጥ አይገባም። ከደጅ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ «ፈንታው!» ብሎ ይጮኽና ይሄዳል። ሲመለስም ከዚያው ድንጋይ ላይ ይወስዳል። ጎንበስ ብሎ የገባ፣ ውሃ የጠጣ የለም። ቡዳ ነው ይባላላ። እኔ የገባሁት መሄጃ አጥቼ ነው። ቀበሌው «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ መለሰኝ። ሽማግሌዎቹ ለመስቀል ቀጠሩኝ፤ ከመስቀል ለገና ገፉት። በመካከሉ ኪሮስ ወደ ተጠለልኩበት እናቴ ቤት እየመጣ ደጃፉን በዱላ ይደበድባል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብቆ ያደረገኝንም አልጽፈውም። ክንዴ ግን ብዙ ጊዜ አልታዘዘልኝም ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አባ» አልኳቸው።

አባ ፈንታው ዞር ብለው ከኋላቸው ተመለከቱ። ሚስታቸው እማ ጉዴ ወናፍ ላይ ተቀምጣለች። «ጉዴ፣ ማን ገባ?» አሏት።

«ማንም የለ። የሞላ ሚስት ናት።»

«ታዲያ ‹ዋሉ› የምትለው ማንን ነው?»

«እርስዎን ነው» አልኩ።

«እኔን!» አሉና መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ጉዴ፣ ዛሬ ብዙ ሆኛለሁ! ለምሳው ጨምሪበት፣ አንበቃም!»

እማ ጉዴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በዚያን ጊዜ ለቀጥቃጭ፣ ሽበት ይኑረው አይኑረው፣ እርስዎ የሚል እንደሌለ አውቃለሁ። ያልኩት ግን ለማስደሰት አልነበረም፤ በዕድሜ አባቴን ያህሉ ነበር።

«ምን ልሥራልሽ?»

«ሰው የሚመታ ነገር።»

«ማንን?»

«ኪሮስን።»

ወናፉ ቆመ። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት የኪሮስ ልጅ ኩፍኝ ይዞት ነበር። ኪሮስ «ቡዳዋ በላችብኝ» ብሎ ገበያ ወጣና እማ ጉዴ ለሽያጭ የደረደረቻቸውን እንስራዎችና ምጣዶች አንድ በአንድ በእግሩ ሰባበራቸው። ገበያው ሙሉ ነበር። ሁሉም አየ፣ አንድም ሰው «ተው» አላለም። ልጁ ዳነ፤ ኪሮስ ግን ይቅርታ አልጠየቀም። እማ ጉዴ ወናፏን ትታ ተነሳች፣ በርጩማ አመጣችልኝ።

«ጦር ይሁንልሽ ወይስ ቢላዋ?» አሉ አባ ፈንታው።

«አላውቅም። እርስዎ ይምረጡልኝ።»

«ቢላዋ ይቅርብሽ፤ ካልቀረብሽው አይሠራም፣ ከቀረብሽው ይቀማሻል። ጦር የያዘች ሴት ደግሞ ገና በሩቁ ትታያለች፣ ያስጥሉሻል። መጥረቢያ ደም ያፈሳል። ደም ከፈሰሰ ካሳ ከፋይዋ አንቺ ነሽ።» ጣታቸውን አነሱ። «መዶሻ! የጦር መዶሻ! አያቴ ለዋግሹም ዘበኞች ይሠራላቸው ነበር።»

«ዋይ፣ የምን አያት!» አለች እማ ጉዴ። «አያትህ መርፌ ነበር የሚሠራው።»

«መርፌም ሠርቷል። ብረት አይዋሽም፣ እኔ ግን እዋሻለሁ። ይህቺን ግን አልዋሸሁም።»

በሌላ ቀን ስሄድ የጦር መዶሻውን የሠራው ቅድመ አያታቸው ሆኖ ጠበቀኝ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ራሳቸው በጎልማሳነታቸው። ዋጋውን ስጠይቃቸው፣ «ኪሮስ ሲያያት ፊቱ ምን እንደሚመስል ትነግሪኛለሽ፤ ሌላ ምንም አታመጪ» አሉኝ።

እኔ የፈለግሁት ትልቅ መዶሻ ነበር። ድንጋይ ፈላጮች የሚይዙትን ዓይነት አስቤ ነበር። አባ ፈንታው «አይሆንሽም» አሉ። «ይሆነኛል» አልኩ። ተጨቃጨቅን። እልኬን ሲያዩ ያልኩትን ሠርተው አስጨበጡኝ። አንድ ጊዜ አነሳሁት፤ ሲወርድ ጎትቶኝ ሄደና እግሬን ለጥቂት ሳተው። ሁለተኛ ላነሳው ስል ወገቤ እምቢ አለኝ። አባ ፈንታው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«አየሽ? ይኼን ያዘዘችው ንዴትሽ ናት። ንዴትሽ በሬ ታነሳለች፤ አንቺ ግን ስምንት ቁና እንኳ አታነሺም። እኔ ለንዴት አልሠራም። ለክንድ ነው የምሠራው። ሂጂና ዘነዘናሽን አምጪ።»

ዘነዘና ለጦር ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም። ከቤቴ ደጅ ከወደቀበት አንስቼ ይዤላቸው ሄድኩ። የእማ ጉዴን ሙቀጫ አስቀረቡልኝና «ውቀጪ» አሉ። ምን ልውቀጥ? ባዶውን ወቀጥኩ። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው አንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዴን ያያሉ። ከዚያ ዘነዘናውን ተቀብለው እጄ ለብዙ ዓመት ሲይዘው የተላገበትን፣ ያበራውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ወንድ ልጅ ከሕፃንነቱ ዱላ ይዞ ከጎን መምታት ይማራል» አሉ። «አንቺ ከጎን ብትመቺ ያሾፍብሻል። ከላይ ወደ ታች ግን ጡት ከጣልሽ ጀምሮ ስትመቺ ነው የኖርሽው። ኸማን ተማርሽው? ከእናትሽ። ኪሮስ ይህን አያውቅም፤ ሙቀጫ አጠገብ ቆሞ አያውቅም።»

መዶሻዋ የወጣችው ከዚያ ዘነዘና ነው። እጀታዋ ወይራ፣ ውፍረቱ ዘነዘናው በተላገበት ልክ፣ ርዝመቱ ከብብቴ እስከ ጣቶቼ ጫፍ። የመዶሻዋን ራስ የሠሩት ኒሯቅ መንገድ ላይ ተቃጥሎ ከቀረ ታንክ ሰንሰለት በወጣ ብረት ነው። ነከሱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ «ይኼ ጦርነት ያውቃል» አሉ። አንዱ ፊቷ ዝርግ ነው። በሌላው በኩል እንደ ቁራ አፍ የሾለ ረጅም ጫፍ እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው።

«የሾለ ነገር ይሰካል። የተሰካ ነገር ደግሞ አይመለስልሽም፣ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ» ብለው አጭር፣ ደንዳና ጫፍ አደረጉላት። የእጀታውም ቀዳዳ እንደ ዶማ ነው፤ እንጨቱ ከላይ ገብቶ ወደ ታች ይወርድና ወፍራሙ ጫፍ ራሷን ይይዛታል፤ በመታሁ ቁጥር ትጠብቃለች እንጂ ወልቃ አትበርም። ጫፉ ላይ ከካፖርታቸው መታጠቂያ ቆርጠው የእጅ ማስገቢያ ጠፍር አሰሩላት። ከዚያ በኋላ ካፖርቱን በገመድ ያስሩት ነበር።

ግላ የወጣችውን ራሷን ውሃ ውስጥ ሲነክሯት ጮኸች። «ክርስትና ተነሳች!» አሉ። «ስም አውጪላት።»

«ስም አያስፈልጋትም።»

«አቤት! አንቺ እኮ ከብረት የባስሽ ነሽ።» ይህን እንደ ሙገሳ ነበር ያሉት፤ እኔም እንደዚያው ተቀበልኩት።

ከዚያ በየቀኑ እየጠሩ አለማመዱኝ። የወንዝ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፣ እመታለሁ። «ክንድሽን አትወጥሪው፣ ብረቷ ትውረድ!» ይሉኛል። «ትንፋሽሽን ምን ቆለፈብሽ? እሱንም ኪሮስ ነው?» ይሉኛል። ድንጋዩን ስስት ይሰድቡኛል። ስመታ ያሞግሱኛል ብዬ ስጠብቅ ራሳቸውን ያሞግሳሉ፦ «እንዴት ያለ መዶሻ ሠራሁ!» ይላሉ።

ከዚህ ሌላ የሠሩት ሥራ ነበር፤ ያኔ አላወቅሁትም። ማረሻ ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ፣ ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ሳይሄድ እያስቆሙ፣ «ለሞላ ሚስት መዶሻ ሠርቻለሁ። ከእሷ በቀር የነካት እጅ ጉርሻ አያነሳም!» ይሉ ነበር። ወሬው እስከ ጽጽቃ ደርሷል። በኋላ «ለምን እንዲህ አሉ?» ብላቸው፣ «ስሙን የሰጡኝ እነሱ ናቸው። ዕድሜ ልኬን ተሸክሜዋለሁ፤ አንድ ቀን ቢሸከመኝ ምን አለበት?» አሉኝ።

ገና አለፈ። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤቴ ደጅ ላይ ተቀመጡ። በሬ እንደተቆለፈ ነው። የሽምግልናው ደንብ የታወቀ ነው፤ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ከመቀመጡ በፊት ከግቢው መግቢያ ካብ ላይ ያስቀምጣል። ኪሮስ ክላሹን አስቀምጦ ነበር። እኔ መዶሻዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገባሁ።

የሽማግሌዎቹ መሪ አለቃ ንጉሤ ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ መሣሪያ ይዞ ሽማግሌ ፊት አይቀረብም።»

«የሥራ መሣሪያ ነው፣ አለቃ።»

«የምን ሥራ?»

«በር መክፈቻ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አለቃ ንጉሤ አልሳቁም። የጦር መሣሪያ ካብ ላይ ይቀመጣል፤ የሥራ መሣሪያ ካብ ላይ ይቀመጥ አይቀመጥ የደነገገ አባት የለም። ጺማቸውን አሻሹና፣ «ኪሮስ፣ ተቀበላትና አኑርላት» አሉ።

ኪሮስ ተነሳ። እጁን ዘረጋ። ከመዶሻዋ አጠገብ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«የቡዳ ዕቃ አልነካም» አለ።

አባ ፈንታው ሽምግልናው ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ከጎረቤቱ ካብ ላይ እንደ ቁራ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ከዚያው ጮኹ፦ «ኪሮስ! ማረሻህን ማን ሠራልህ? ዘንድሮ ጤፍህን በማን ብረት አረስክ? በልተኸው ጣፍጦህ የለ! ያኔ ሆድህን አልቆረጠህም?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። በእሳቸው ብረት ያላረሰ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። «ቀጥቃጩን ዝም አሰኙልኝ!» አለ ኪሮስ። ሊያሰኝ የተነሳ ሰው አልነበረም። አለቃ ንጉሤ «እንግዲህ ይዘሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ጭኔ ላይ አጋድሜ ተቀመጥኩ።

ኪሮስ የሚለውን አለ። ቤቱ የአባቱ መሬት ላይ የቆመ ነው፤ ባል የሞተባት ሴት ዋርሳዋን እምቢ ካለች ወደ አባቷ ቤት ትሂድ። እኔም ያለኝን አልኩ። የቤቱን ካብ ከሞላ ጋር ድንጋይ በድንጋይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ጣሪያውን የሸፈነው እንጨት በእኔ ጀርባ የመጣ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ሲሠራ አይተዋል። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ፣ ተነጋገሩ። በመጨረሻም አለቃ ንጉሤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገሩ ከባድ ነው። ዐቢይ ጾምም እየገባ ነው። ለፋሲካ ይደር።»

ከፋሲካ በኋላ ዝናብ ይመጣል። ከዝናብ በኋላ መስቀል ነው። ይህን ቀጠሮ አውቀዋለሁ፤ ሰው እስኪሰለቸው የሚቀጠር ቀጠሮ ነው። ተነሳሁ።

«አይደርም» አልኩ።

«ልጄ፣ ተቀመጪ።»

«አለቃ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ነገር ግን አይደርም።»

ወደ በሬ ሄድኩ። ኪሮስ ቀድሞኝ ደርሶ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ። ከእኔ በራስ ይበልጣል። እጁን ቢዘረጋ እጀታዋን በአየር ላይ መያዝ ይችል ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢስባት እኔም አብሬ እወድቅ ነበር። መዶሻዋን ከራሴ በላይ አነሳሁ፣ እህል እንደምወቅጥ። ኪሮስ አያት። ያን ጊዜ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው ወሰደና ከጀርባው ደበቃቸው።

ሰው ሁሉ አየው። ወንድ ልጅ ከሴት ፊት እጁን ደበቀ።

«ዘወር በል» አልኩት።

ዘወር አለ።

በመጀመሪያው ምት ጓጉንቸሩ ተጣመመ። በሁለተኛው ተበጥሶ እግሬ ሥር ወደቀ። ከኋላዬ የአባ ፈንታው ሳል ተሰማ።

በኋላ ላመሰግናቸው ብሄድ ፊት ነሱኝ። «ሁለት ጊዜ! ሁለት ጊዜ መታሽ! ያን ያህል አስተምሬሽ! በአንድ ምት የምትወድቅ ጓጉንቸር ነበረች፤ አሳፈርሽኝ» አሉ። ለምን ከጎን አዘንብዬ እንደመታሁ ሲያስረዱኝ፣ ሲሰድቡኝ፣ እማ ጉዴ ደግሞ ሽሮ አቅርባልኝ፣ በልቼ እስክጨርስ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉ፣ ሰው እየሰማ፣ ገበያ መሀል «እንደምን ዋሉ፣ አባ» እላቸው ነበር። እሳቸውም ሁልጊዜ ዞር ብለው ከኋላቸው ያዩ ነበር። ለቅሷቸው ላይ «ደግ ሰው ነበር» ሲባል ዝም አላልኩም። «አልነበሩም፤ የሚበልጥ ነገር ነበሩ» አልኩ። ተቆጡኝ። ይቆጡ።

ያን ቀን ግን በሩ ሲከፈት ልጄን አስቀድሜ አስገባኋት። ሙቀጫዬን ከደጅ አስገባሁ። በሩን ከውስጥ ዘጋሁ። ከሰዓት በኋላ ኪሮስ እናቱን ላከ፤ «ለእርቅ ነው፣ ክፈቺ» አሉኝ። «እርስዎ ሲመጡ እከፍታለሁ፤ ለእሱ ተልከው ሲመጡ አልከፍትም» አልኳቸው። በማግስቱ ራሱ መጥቶ አንኳኳ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ከትፌ ጨረስኩ፣ ወጡን ጣድኩ፣ ልጄን አበላሁ።

አልከፈትኩም።